ጀርባውን አሳዪኝ

ጥቅምት 3፣ 2017፣ እሑድ

የአጎቴ ልጅ ልታገባ ነው። ኒካሑ ጥር 18 ይታሰራል። ዛሬ ቡና ጠርተውኝ ቤታቸው ሄድኩ። አቦሉ ገና ሳይቀዳ «ለመልሱ የምለብሰውን ቀሚስ አንቺ ጥለፊልኝ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«በመኪና የተጠለፈማ የትም አለ። ፒያሳ ወጥቼ ባዝዝ በነጋታው ይሰጡኛል። እኔ የእጅ ነው የምፈልገው።»

እኔ የማውቀው ዳንቴል ነው። የሶፋ ልብስ፣ የትሪ ልብስ፣ የቴሌቪዥን ልብስ። ጥልፍ የነካሁት ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ነው። የትራስ ልብስ ላይ «መልካም እንቅልፍ» ብዬ ልጠልፍ ጀመርኩና ክር አለቀብኝ። እስከ ዛሬ «መልካም እንቅ» እንዳለች እናቴ ቤት አለች። ብቻ እልህ ይሁን ቡናው፣ በረካው ሳይደርስ እሺ ብያለሁ።

ለማያውቀን ሰው አንድ ነገር ልበል። አባቴና አጎቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ አንዱ መስጊድ ይሰግዳል። ደሴ ላይ ይሄ ወሬ አይሆንም። እዚህ ያነሳሁት ንድፉ ላይ ስለሚመጣ ነው።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ሰኞ ገበያ ወርጄ ጨርቅ ገዛሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ፈትሉን እያነሳሁ ወደ ብርሃን አየዋለሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ። በእንዝርት የተፈተለ ማግ እኩል አይሆንም። አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ሳሳ ይላል። ለነጠላ ውበቱ እሱ ነው። ለጥልፍ ግን መርፌዋ ወፍራሙ ጋ ስትደርስ ወደ ጎን ትሸሻለች፤ ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር እባብ ይሆናል። ስለዚህ ጠቅጠቅ ብሎ የተሸመነውን መረጥኩ። ጥለት የሌለውን።

ሻጯ «ያለ ጥለት ደግሞ ምን ቀሚስ አለ?» ብላ ተቆጣች። ጥለትና ጥልፍን አንድ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ጥለት ሸማኔው ሲሸምን አብሮ የሚወጣ ነው። ጥልፍ ሸማኔው እጁን ከታጠበ በኋላ በመርፌ የሚገባ ነው። ሁለቱን አንድ ቀሚስ ላይ ሲያጨናንቋቸው እኔ አልወድም። የሚወድ ይልበስ።

ጥቅምት 12

ጨርቁን ሳልቆርጥ ነክሬ አጠብኩት። ጥላ ላይ ሰጥቼ ስለካው ቁመቱ አራት ጣት አጥሯል። ተጠልፎ ካለቀ በኋላ ቢያጥር ኖሮ ጥልፉ አብሮ አያጥርም፤ ዙሪያውን ተጨማዶ ይቀር ነበር። ይህንን ከዳንቴል ነው ያወቅኩት። አንድ ነጥብ ለእኔ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ ሆጤ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በጊዜያቸው ለሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የጠለፉ ናቸው። አሁን ዓይናቸው እምቢ ብሏቸው ትተዋል። መነጽራቸው አንድ እግሩ የለም፤ በክር አስረውታል።

አቡጀዲ ላይ የተለማመድኩትን አንድ ሐረግና ሦስት አበባ ይዤላቸው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው። ተቀበሉኝና ፊቱን እንኳ ሳያዩ ገለበጡት።

«እትዬ፣ በዚያ በኩል እኮ ነው።»

«ዝም በይ። ፊቱንማ ማን ያቅተዋል? ጀርባውን አሳዪኝ።»

ጀርባው አያድርስ ነው። ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየዘለለ የሸረሪት ድር ሠርቷል። ቋጠሮውን በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩት። ሰባት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጡኝ። የያዝኩትን ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ።

ቋጠሮ የለም። ስትጀምሪ የክሩን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከኋላ ትተሽ ትጀምሪያለሽ። የሚከተሉት ስፌቶች ራሳቸው ይይዙታል። ሲያልቅ ከኋላ በሦስት ስፌት ሥር አሳልፈሽ ትቆርጫለሽ። የተቋጠረ ነገር በእጥበት ይፈታል። ካልተፈታ ደግሞ ሲተኮስ ፊት ለፊት ያብጣል።

ዝላይ የለም። ቀጣዩ ቅጠል ከአንድ ጣት ከራቀ ክሩን ቁረጪ።

ክሩ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ይበቃል። ረጅሙ ይጠማዘዛል፣ መጨረሻው ላይ ፀጉር ያወጣል። የጥልፍ ክር ስድስት ሆኖ የተገመደ ነው። ለፈትል ሁለቱን ብቻ ትለያለሽ።

ሰንሰለት ስፌትን ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። መርፌዋን በወጣችበት ቀዳዳ መልሶ ማስገባት፣ ፊት ለፊት ማውጣት፣ ክሩን ከሥሯ ማሳለፍ። አንድ ቀለበት ሆነ። ከቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀለበት። ፊቱ የአንገት ሰንሰለት ይመስላል። ጀርባው ላይ ግን ቀለበት የሚባል የለም፤ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። «ጀርባው በመኪና የተሰፋ ከመሰለ ሰንሰለትሽ ደርሷል» አሉ። የእኔ በሰካራም የተሰፋ ነው የሚመስለው።

ስወጣ «አብሽሪ» አሉኝ። አቡጀዲውን ግን አልመለሱልኝም። ድስት ማውጫ ያደርጉታል መሰለኝ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ንድፍ ፍለጋ ስልኬ ላይ ስዳክር አመሸሁ። ጀበና፣ አደይ፣ ፒኮክ። የእኛ ቀሚስ ላይ ፒኮክ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ለንደን ውስጥ ያለ ቀሚስ አገኘሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው። ሙዚየሙ ጥሩነሽ ይላቸዋል። መቅደላ በ1860 ሚያዝያ ሲወድቅ እንግሊዞች ከዘረፉት ጋር አብሮ ሄደ። እቴጌይቱም ከሕፃኑ አለማየሁ ጋር ከጦሩ ኋላ ተወሰዱ። ትግራይ ሲደርሱ፣ ወር ገደማ ቆይተው፣ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ባሕር ተሻገረ። ቀሚሱም ተሻገረ። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። በ2010፣ 150ኛው ዓመት ላይ፣ ለሕዝብ አሳይተውት ነበር።

መቅደላ ማለት እኮ ከዚህ በኩታበር አድርጎ በተንታ የሚኬድበት ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ አድጌ አንድ ቀን አልሄድኩም። ቀሚሱን ያየሁትም በስልክ፣ በሁለት ጣት እየለጠጥኩ።

ነጭ ጥጥ ነው። ጥልፉ የሐር ክር። ረጅም ሰዓት ያየሁት ግን ጥልፉን ሳይሆን ያልተጠለፈውን ነው። አንገቱ ጋ መርፌ ማሳረፊያ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ነጩ ዝም ብሎ ይወርዳል። ዛሬ ደረቱንም፣ ሆዱንም፣ ዘርፉንም፣ ጀርባውንም እንሞላና ቀሚሱ ምንጣፍ ይሆናል። ወሰንኩ፤ አንገት፣ ከደረት የሚወርድ አንድ ሐረግ፣ የእጅጌ ጫፍ። ሌላው ነጭ።

ለአክስቴ ምስሉን ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ።

«ጀርባውስ?»

«ሙዚየሙ ፊቱን ነው ያነሳው እትዬ።»

«ታዲያ ምኑን አየሽው?» ብለው መለሱልኝ።

ጥቅምት 28

ችግር። ከደረት የሚወርደው ጥልፍ የለመድነው ጫፉ ላይ መስቀል ነው። ሙሽራዋ ሙስሊም ናት። እሷ «እኔ ምንም አይለኝም፣ እማዬ ግን ትለኛለች» አለች። መስቀሉን ማውጣት ቀላል ነው። ሲወጣ ግን ሐረጉ አንገቱን እንደተቆረጠ እባብ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚያሳርፈው ነገር ይፈልጋል።

ባለ ካሬ ደብተር ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ሣልኩ። ኮከብ ሞከርኩ፤ የባንክ ማስታወቂያ መሰለ። ጨረቃ ሞከርኩ፤ ይሄ ደግሞ ሌላውን ወገን መግፋት ሆነ። ስኒ ሣልኩ፤ ሙሽራዋ «ቡና ቤት ልከፍት ነው እንዴ?» አለች።

መልሱ የመጣው ከደጃችን ነው። እናቴ ለቡና ብላ አሪቲ ቆርጣ ረከቦቱ ላይ ጣል አድርጋለች። ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ ግራጫ ቀመስ አረንጓዴ። ወሎ ውስጥ የማን ቤት አሪቲ የለም? የሐረጉን ሁለት መስመር ታች ላይ በታትኜ አንድ ዘለላ አሪቲ አደረግኳቸው። እዚያው ሽቶውን እያሸተትኩ ሣልኩት። ይሄኛው አረፈ።

ኅዳር 3

የክር ቀን። ሁለት ዓይነት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ ቀይ። ቤት መጥቼ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ውኃ ነክሬ ነጭ ጨርቅ መሃል አድርጌ ተኮስኩት። ቀዩ ለቀቀ። ነጩ ጨርቅ ላይ የቲማቲም ድልህ የፈሰሰ ይመስላል። ባለ ሱቁ «በፍጹም አይለቅም» ብሎኝ ነበር። ነገ ሌላ ቦታ እሞክራለሁ። ባላየው ኖሮ ሦስት ወር ለፍቼ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ሮዝ ቀሚስ አስረክብ ነበር።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዛሬ አልቅሻለሁ። እንደሚከተለው ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ «በልኳ ቁረጥልኝ» አልኩት። ቆረጠ። ጎኑን፣ እጅጌውን፣ አንገቱን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንገቱን ተው አላልኩትም። ቤት መጥቼ አንገቱ ዙሪያ ሰንሰለት ጀመርኩ። አንድ ስንዝር ስሄድ አንገቱ ሰፋ። ሌላ ስንዝር፣ ይበልጥ ሰፋ። በመጨረሻ በትከሻዋ የሚወርድ ሆነ።

አክስቴ ሲያዩት ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አንገት ተጠልፎ ነው የሚቆረጠው እንጂ ተቆርጦ ይጠለፋል?» ምክንያቱን ጨርቁን እየጎተቱ አሳዩኝ። በድሩ ስትስቢው አይለጠጥም። በማጉም እንደዚያው። በሰያፍ ስትስቢው ግን እንደ ላስቲክ ነው። ክብ አንገት ደግሞ ግማሹ ሰያፍ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ሙሉ ሆኖ፣ አንገቱ በእርሳስ ብቻ ተከቦ፣ ዙሪያው ይጠለፋል። መቀሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ለነጠላ ካስቀረሁት ፈትል አዲስ የፊት ክፍል ወጣ። ነጠላው የሚገዛ ሆነ። የተበላሸው ለልምምድ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እንደገና ጀመርኩ። ንድፉን በካርቦን ወረቀት መገልበጥ ሞክሬ ልምምዱን አጥቁሮብኛል። ስለዚህ ስስ ወረቀት ላይ ሣልኩ፣ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ በሰፋፊው ሰፋሁት፣ ወረቀትና ጨርቁን አንድ ላይ እጠልፋለሁ። ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። አሪፍ ነው። ሰንሰለቱ ሥር የሚቀረውን ብጣሽ በወረንጦ መልቀም ግን ያሰለቻል።

ዛሬ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ያጥናል። ጭሱ በመስኮት ገባ። ጨርቁን በሁለት ፌስታል አስሬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ነገ።

ኅዳር 29

አንገቱ ግማሽ ደርሷል። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ከሥራ መልስ። ከዚያ በላይ ዓይኔ አይችልም።

ጨርቁን የምወጥርበት ክብ እንጨት ነገር አበላሽቶብኝ ነበር። ወጥሬው ትቼ አደርኩና ፈትሉ ላይ የክብ ጠባሳ ተወ። ድሩ ተንሸራቶ ወደ አንድ ጎን ተከማችቷል። ውኃ ረጭቼ በጥፍሬ እየነካካሁ መለስኩት። አሁን ሥራ ሳቆም ማታ ማታ አወጣዋለሁ።

ታኅሣሥ 9

መብራት ጠፋ። ሦስተኛዋ የአሪቲ ዘለላ መሃል ላይ ነበርኩ። በስልክ መብራት ቀጠልኩ። የክሩን ጫፍ ማሳለፊያ ስፌት ማየት አቃተኝ። አንድ ቋጠሮ አሰርኩ። አንድ ብቻ። ነገ እፈታዋለሁ።

ታኅሣሥ 10

አልፈታሁትም። ዘለላው ከብዶበታል፤ ቋጠሮው ከተነካ ስድስት ቅጠል ይፈርሳል።

ታኅሣሥ 19

ስለ ቢጫዎቹ ነጠብጣቦች ልጻፍ። አሪቲ ቢጫ ቢጫ ደቃቅ አበባ አለው። አክስቴ «መርፌዋ ላይ ክሩን ሁለቴ ጠምጥሚ፣ ያዢው፣ በአጠገቧ አስገቢ» አሉኝ። ስስበው ፊት ለፊት የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቋጠሮ ተቀመጠች። ሰባት ቋጠሮ ብለው የተቆጡት ሴትዮ ቋጠሮ አስተማሩኝ። «ይቺ እኮ ፊት ላይ ናት» አሉ። ሦስቴ ስጠመጥም ትወድቃለች፣ አንዴ ስጠመጥም ትሾልካለች። ሁለት ነው።

ቅጠሉ ላይ ሌላ ትምህርት አለ። ስሞላው ክሩን ፊትም ኋላም ካዞርኩት ክር እጥፍ ይበላል፣ ጀርባውም ይወፍራል። ጫፉ ላይ ትንሽ ብቻ ነክቶ በዚያው ፊት መመለስ ይቻላል። ጀርባው ባዶ ማለት ይቀራል። ከዚያ በኋላ አንድ ጥቅል ክር ለአራት ዘለላ ይበቃኝ ጀመር፤ በፊት ሁለት ተኩል ነበር።

በነገራችን ላይ ዛሬ ፒያሳ በኮምፒውተር የሚጠልፍ ቤት በር ላይ ቆሜ አየሁ። መኪናው ብቻውን ይሠራል። ልጁ ስልኩን እየነካካ ነው። አንድ ሙሉ የአንገት ጥልፍ ሻይ አዝዤ ሳይመጣልኝ አለቀ። ያምራል፣ አልዋሽም። ሲገለብጠው ግን ጀርባው በነጭ ጠንካራ ወረቀት ተሞልቷል። ያ ነገር ደረት ይኮሰኩሳል። ይህንን ስል ልጁ «ገበር ይደረግበታላ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። እጅጌዎቹ አለቁ። ግራው ከቀኙ በአንድ ዘለላ ይበልጣል። ቆጥሬ ነው ያወቅኩት። የሚቆጥር ሌላ ሰው ካለ ይምጣ።

ጥር 5፣ ሰኞ

አለቀ። ወረቀቱን ቀደድኩ። ከቆጠርኩት ሰዓት 104 ሆኗል፤ አንገቱ የተበላሸውን ሳይጨምር። ቀኝ አመልካች ጣቴ ጫፍ ላይ ቆዳው ጠንክሮ ስልኬ አሻራዬን አያውቀኝም።

ጥር 9

መቀስ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከጥልፉ ግማሽ ጣት ውስጥ ገባ ብዬ አንገቱን ቆረጥኩ። አልተለጠጠም። ልብስ ሰፊው ጎኑን ገጠመ። እኔ ስስ ነጭ ገበር በእጄ ሰፋሁበት፣ ክሩ ቆዳዋን እንዳይነካት። ጀርባው ገበር ሥር ገባ። አንድ ቋጠሮዬም አብሮ ገባ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥር 16፣ ዓርብ

ሙሽራዋ ልትለካ ስትመጣ አክስቴም መጡ። በባጃጅ። ቀሚሱን አለበስናት። አንገቱ ልክ ነው። አሪቲው የሚያርፈው እምብርቷ ላይ ነው፤ ትንሽ ወረደ ይላል። እናቷ እልል አለች። ሙሽራዋ መስታወቱ ፊት ጎኗን እያዞረች መናገር ተሳናት።

አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም። ስታወልቀው ተቀበሏት። ጭናቸው ላይ አድርገው ገለበጡት። ገበር።

«ምላጭ አምጪ» አሉኝ።

«እትዬ! ነገ ተነገ ወዲያ እኮ ነው!»

«አምጪ አልኩ።»

ከሦስተኛው ዘለላ ጀርባ ገበሩን አራት ጣት ያህል ፈቱት። የት እንደሚፈልጉ እንዴት እንዳወቁ እስካሁን አልገባኝም። መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። በጥፍራቸው ሰንሰለቱን ሄዱበት፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከዚያ ጥፍራቸው ቆመ።

«ይቺስ?»

«መብራት የጠፋ ለት ናት።»

ትንሽ ቆዩ። ሙሽራዋም እናቷም እያዩን ነው። ከዚያ መርፌና ነጭ ክር ጠየቁኝ። ክሩን እኔ አስገባሁላቸው። ገበሩን መልሰው የሰፉት ራሳቸው ናቸው። ዓይኔ እምቢ አለኝ ያሉት ሴትዮ፣ እየዳበሱ።

ማታ ብቻዬን ሆኜ መብራት ሥር አየሁት። ያቺ አራት ጣት ቦታ ከቀሪው ገበር ትለያለች። የእሳቸው ስፌት ከእኔ ይልቅ ደቃቅ ነው።